ውሻው ጸጥ ያለበት ቀን

ይህን ታሪክ ከአፌ የሰማች አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም የሰማችው እኔ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ አምስት ዓመት ሙሉ እሷን መሸሽ ስለደከመኝ ነው። ከእሷ በቀር ለሰው በአፌ ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። አብረውኝ ለሚጸልዩ ወንድሞችም አልነገርኩም። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የንስሐ አባት የለኝም። አጠገቤ ሱቅ ያለው ኦርቶዶክሱ ጎረቤቴ አንድ ነገር ሲከብደው አዲስ አበባ ላሉት የንስሐ አባቱ ይደውላል። እኔ ግን ኃጢአትህን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ተናገር እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ተናግሬያለሁ። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ተናግሬያለሁ! ግን እውነቱን ልንገርህ? ለእሱ መንገር ቀላል ነው፤ እሱ ቀድሞውንም ያውቀዋል። የሚከብደው ስለ አንተ መልካም ለሚያስብ ሰው መንገር ነው። አንተ አንባቢዬ አታውቀኝም። ወይም ምናልባት ስለ እኔ የተሠራውን ፊልም አይተህ መልካም አስበህልኝ ይሆናል። እንግዲያው ስማኝ።

ዘሪሁን እባላለሁ። ጁባ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሃይ ማላካል በሚባል ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። መጀመሪያ የማነሳው የፓስፖርትና የመታወቂያ ፎቶ ነበር፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ሠርግ። ጁባ ውስጥ ካሜራ አውጥቶ መንገድ ላይ መቆም እንደ ሌላ አገር አይደለም። አንድ ወታደር «ምን ታነሳለህ?» ካለህ ቀንህ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ሥራዬ ሁሉ ከበር ወደ ውስጥ ነው። አንድ ቀን በዕርዳታ ድርጅት የሚሠራ አንድ ከዋጃ፣ እዚህ ነጩን ሁሉ ከዋጃ ነው የምንለው፣ ለቪዛ ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ ውሻውን አስከትሎ ገባ። ሲጨርስ «እሱንም አንሳልኝ» አለኝ። እየሳቅኩ አነሳሁት። በሳምንቱ ሦስት ጓደኞቹ ደወሉልኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እነዚህ ሰዎች ለአንድ ዓመት፣ ለሁለት ዓመት ይመጣሉ። ብቸኝነቱ ሲበዛባቸው ከመንገድ ላይ ቡችላ ያነሳሉ። ያጥቡታል፣ ያስከትቡታል፣ አልጋቸው ላይ ያስተኙታል። ከዚያ ኮንትራታቸው ያልቃል። ውሻ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ወረቀቱም ጣጣውም ብዙ ስለሆነ ብዙዎቹ ትተውት ይሄዳሉ። ይዘው የሚሄዱት ፎቶውን ነው። እኔ የማነሳው እንግዲህ ሊተው የተቃረበ ውሻ ነበር። ውሻው ይህን አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ዓይኑን በሌንሴ ውስጥ ሳየው አንዳንዴ ሆዴ ይባባ ነበር።

ሥራውን እወደው ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማሳመር አይደለም፤ በኋላ ያደረግኩትን ስታነብ «መጀመሪያውኑ ሥራውን የማይወድ ሰው ነው» ብለህ እንዳታልፈኝ ነው። ሣር ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ከውሻው ዓይን እኩል ሆኜ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መጠበቅ እችል ነበር። ከዋጃዎቹ በሚኖሩበት በቶንፒንግ ሰፈር ግቢዎች ያሉ ዘበኞች ከሩቅ ሲያዩኝ «የውሻው ሐበሻ መጣ» እያሉ በር ይከፍቱልኝ ነበር።

በኋላ ጥፋት የሠራሁበት ኪኒን የእኔው ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የምውጠው ኪኒን ነው፤ ሁልጊዜ ከካሜራ ቦርሳዬ የጎን ኪስ አይጠፋም። አንድ ጊዜ አንድ እንደ ዕብድ የሚሮጥ ውሻ አላስነሳ አለኝ። ባለቤቱ በማግስቱ ተጓዥ ነው። ማንም ሳያየኝ ግማሹን በሥጋ አድርጌ ሰጠሁት። ተረጋጋ፤ አነሳሁት፤ ምንም አልሆነም። ሌላ ጊዜም አደረግኩት። አሁንም ምንም አልሆነም። ባለቤቶቹ «ምን ዓይነት ጸጋ ነው ያለህ!» ሲሉኝ ቀና ብዬ ፈገግ እላለሁ። ጸጋ! ይህን ቃል እኔ ስቀበለው አላፈርኩም ነበር?

ከዚያ ዋንጂሩ መጣች። ናይሮቢ ያደገች፣ አጫጭር ፊልም የምትሠራ ልጅ ናት። ጁባ ውስጥ ያልተለመደ ሥራ ያላቸውን ሰዎች እየፈለገች የውሻ ፎቶግራፍ አንሺ አለ ሲሏት እኔ ዘንድ መጣች። ፎቶ ቤቴ ተቀምጣ ስትጠይቀኝ ዋለች። መጨረሻ ላይ «እምቢ ያለህ ውሻ ገጥሞህ ያውቃል?» አለችኝ። ካሜራው በርቷል። ማለት የነበረብኝ «ሞልቷል» ነው። እኔ ግን «የለም፤ እኔን እምቢ የሚል ውሻ የለም» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ቀረጻው የታሰበው ማዳም ክላራ የምትባል ከዋጃ ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢው ቶንፒንግ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። ማዳም ውሻዋን «ጄኔራል» ብላ ነበር የሰየመችው። ትልቅ፣ ቡናማ፣ ጆሮው የተቀደደ፣ ያረጀ ውሻ ነው። የቤቱ ሠራተኛ ኛማል ግን በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። «በዚህ ከተማ ጄኔራል፣ ጄኔራል እያሉ ውሻ መጥራት ምን ማለት ነው? ሰው ቢሰማስ?» ትልና «ሽማግሌው» ትለዋለች። ሽማግሌው ስትለው ነበር ጅራቱን የሚቆላው።

ስለ ኛማል መናገር አለብኝ፤ እጄ እየከበደኝም ቢሆን። ኛማል ኑዌር ናት። ያደገችው ግን መጀመሪያ ጋምቤላ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። የምናመልከው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ጁባ በገባሁ በወሩ ወባ ጥሎኝ፣ ሰው በማላውቅበት አገር አንዲት ክፍል ውስጥ ስንቀጠቀጥ፣ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ እየተመላለሰች ያዳነችኝ እሷ ናት። ማዳም ዘንድ ያስገባችኝም እሷው ናት። «ወንድም ዘሪሁን የሚባል ጎበዝ ፎቶ አንሺ አለ» ብላ። ማዳም በሁለት ሳምንት ውስጥ ጁባን ለቃ ልትሄድ ነበር። ሽማግሌው የአውሮፕላኑን መንገድ ስለማይችለው ይቀራል። ቤቱን የምትረከበው ሌላ ሴት ውሻውንም ኛማልንም አብራ እንድትይዝ ቃል አስገብታለች። ስለዚህ የኛማል እንጀራም፣ ከልጇ ጋር የምታድርባት ሰርቪስ ቤትም፣ በውሻው ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ይህን አውቅ ነበር። ሁሉንም አውቅ ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ በሩ ላይ የተቀበለችኝ እሷ ናት። ወሩ የጁባ ሙቀት የሚብስበት ወር ነው፤ ገና በማለዳው ቆርቆሮው ይጮሃል። ሰላምታ እንደተሰጣጣን እንዲህ አለችኝ፦

«ወንድም ዘሪሁን፣ ሽማግሌው ልቡን ያመዋል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ሰጥቼዋለሁ፤ ሌላው ማታ ነው። አደራህን ብዙ አታድክመው።»

«እሺ እህቴ» አልኩ። ሰምቻታለሁ። አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ቀረጻው ተጀመረ። ዋንጂሩ፣ ካሜራ የሚይዘው ሰውዬና ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ። ችግር የመጣው ከማይክራፎኑ ነው። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ፣ ነፋስ እንዳይገባበት ጸጉራም ነገር የለበሰ ማይክራፎን ነበር። ሽማግሌው ያንን ሲያይ የሆነ አውሬ በአየር ላይ የሚመጣበት መስሎት ይጮህ ጀመር። ዝቅ ሲያደርጉት ይሸሻል፤ ከፍ ሲያደርጉት ይዘላል። በዚያ ላይ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ግቢው ይንቀጠቀጣል። በደረቴ ተኛሁ፤ አልመጣም። አፏጨሁ፤ አልሰማኝም። ኛማልን ጠርቼ «እስቲ ትንሽ ጉበት ስጪውና አባብዪልኝ» አልኳት። በመዳፏ ሰጠችው። በላና ተመልሶ ወደ ማይክራፎኑ ሮጠ።

አንድ ሰዓት እንዲህ አለፈ። ላቤ ወደ ዓይኔ ይገባል። ዋንጂሩ ቀረብ ብላ በለሆሳስ «ግድ የለም፤ ሌላ ውሻ እንሞክር። እንዲያውም እምቢ ማለቱ ለፊልሙ ጥሩ ነው» አለችኝ። አየህ? መውጫ ሰጥታኝ ነበር። እምቢ ማለቱ ጥሩ ነው አለችኝ። እኔ ግን የታየኝ ፎቶ ቤቴ ውስጥ የተናገርኩት ነገር ነው። የታየኝ የካሜራ ሰውዬው ፈገግታ ነው። ምናልባትም እየሳቀብኝ አልነበረም። ሰውን ያሳበደው የራሱ ኩራት ሲሆን የሌላው ፊት ሁሉ የሚስቅ ይመስለዋል።

ሻይ ሊጠጡ ወደ በረንዳው ሄዱ። ኛማል ሻይ ልትቀዳላቸው ሄደች። እኔ ቦርሳዬ አጠገብ ቀረሁ። ኪኒኑን አወጣሁ። ከዚያ በፊት ግማሽ ነበር የምሰጠው። ያን ቀን ለምን ሙሉውን? ውሻው ትልቅ ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጊዜ ስላልነበረኝ ነው እውነቱ። ከሳህኑ ላይ የተረፈችውን ጉበት ሰንጥቄ ኪኒኑን ሸጎጥኩባትና «ና ሽማግሌው» አልኩት። ኛማል በምትጠራው ስም ጠራሁት። መጣ። ከእጄ በላ። እጄን ላሰው።

ብዙም ሳይቆይ ጸጥ አለ። ማይክራፎኑ በላዩ ሲያልፍ ቀና ብሎም አላየው። ካሜራው በራ። ሣሩ ላይ ተኛሁ፤ እሱም እየተንገዳገደ መጣና አጠገቤ ተኝቶ ጭንቅላቱን ክንዴ ላይ አሳረፈ። በጆሮው አንሾካሾኩለት። ምን እንዳልኩት ሰዎች ሁሉ ይጠይቁኛል። «አይዞህ» ነው ያልኩት። ሻተሩን ስጫን ዓይኖቹ ግማሽ ተከድነው ወደ ሌንሱ ያዩ ነበር። ዋንጂሩ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ፊልሙ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚወደው ቦታ ይኸው ነው፤ ሽማግሌው ውሻና ሐበሻው ፎቶ አንሺ በአንድ ሣር ላይ።

ሲያልቅ ሽማግሌው ጥላ ሥር ሄዶ ተጋደመ። ዕቃዬን ስሰበስብ አየሁት። ምላሱ ወጥቷል። ሲተነፍስ የጎኑ አነሳስ ልክ አልነበረም፤ ፈጠን ይልና ይቆማል፣ ፈጠን ይልና ይቆማል። አይቻለሁ። በዚያች ደቂቃ «ኛማል ነይ፣ እንዲህ አድርጌያለሁ፣ የእንስሳት ሐኪም እንጥራ» ብል ምናልባት ይተርፍ ነበር። «ደክሞታል፤ ይተኛ» ብያት ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወጣሁ። ሞተሩ ላይ ሆኜ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንን ነው ለራሴ ይቅር ማለት የማልችለው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተ።

በማግስቱ ጠዋት ማዳም አስጠራችኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሐዘን ላይ ነበረች፤ ሐዘኗን የምታሳርፍበት ሰው ትፈልግ ነበር። ኛማል ፊቷ ቆማለች። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማዳም የደረሰችበት ሐሳብ ይህ ነበር፦ በእንግዶቹ ግርግር ኛማል ተምታቶባት መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ሰጥታዋለች። ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«ቀረጻው ላይ እያላችሁ በእጇ የሆነ ነገር ስትሰጠው አይተሃል?»

«አዎ» አልኩ። «ጉበት ስትሰጠው አይቻለሁ።»

«ውስጡ መድኃኒት ነበረው?»

«አላየሁም።»

ሁለቱም እውነት ናቸው። በእውነት ብቻ ሰው መግደል እንደሚቻል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ኛማል የተባባልነውን ስለተረዳች በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «ባዶ ጉበት ነው!» አለች። «ስጪው ያለኝም ወንድም ዘሪሁን ራሱ ነው። ንገራት እንጂ!»

ማዳም አየችኝ። «አንተ ነህ ስጪው ያልካት?»

«ትዝ አይለኝም» አልኩ።

ይህችን ቃል ስናገር ኛማልን አላየኋትም። የማዳምን ጫማ ነበር የማየው። ኛማል ግን እኔን ታየኝ ነበር፤ ሳላያት አውቃለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል አልገባትም። ወንድሟ ነኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? እንዲያ ብላ ነበር የምታስበው፤ በኋላ ነግራኛለች። የምዋሽበት ምክንያት ስላጣች የተሳሳተችው እሷ መስሎ ታያት።

አላሰሯትም፤ አልከሰሷትም። ማዳም የወሩን ከፍላ «ኻላስ፣ በቃ፣ ሂጂ» አለቻት። ውሻው ከሌለ አዲሲቷ ሴትዮም ሠራተኛ የማስቀጠል ግዴታ የለባትም። በሦስት ቀን ውስጥ ኛማልና ልጇ ፍራሻቸውን በአህያ ጋሪ ጭነው ከሰርቪስ ቤቱ ወጡ። ልጇ ያን ዓመት ትምህርት አቋረጠች። ኛማል ፎቶ ቤቴ ካለበት ከዚሁ ከሃይ ማላካል ገበያ ዳር ደረቅ ዓሣ መሸጥ ጀመረች። ከፎቶ ቤቴ የምወጣበትን በር ቀየርኩ። አዎ፣ ፊቷን ላለማየት በጀርባ በር መግባትና መውጣት ጀመርኩ።

ፊልሙ በስድስተኛው ወር ወጣ። ሰው ከስልክ ስልክ ተቀባበለው። ከማላውቀው አገር መልእክት ይመጣልኝ ጀመር። «ልብህ ንጹሕ ስለሆነ ነው ውሻው ያመነህ» ብሎ የጻፈልኝ ሰው ነበር። ሥራዬ በዛ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሰብሳቢው «ወንድም ዘሪሁን፣ ጌታ ያደረገልህን መስክር እንጂ» አለኝ። እሑድ ማለዳ ወጣሁ። መድረክ ላይ ቆሜ፣ እግዚአብሔር ከትንሽ ፎቶ ቤት አንስቶ በዓለም ፊት እንዳቆመኝ፣ እንስሳ እንኳ የሚታዘዝለትን ሰላም በልቤ እንዳኖረ መሰከርኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከኋላ ረድፍ ኛማል ተቀምጣለች። አይቻታለሁ። እጇን አንስታ «አሜን» ስትል አይቻለሁ።

ይህ ይበቃ ነበር። አንድ ሰው ለመርከስ ይህ አይበቃም? ግን አላበቃም።

ከጸሎቱ በኋላ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከሰው ለይታ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝና እንዲህ አለች፦

«ወንድም ዘሪሁን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን አንተ ነበርክ። እኔ እንጃ፣ ማዳም ደጋግማ ስትናገር ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። እንግዳ ሲበዛ ተምታቶብኝ ደግሜ ሰጥቼው ይሆን እንዴ? ሽማግሌውን እኔ ገድዬው ይሆን?»

ዓይኗ ውስጥ ክስ አልነበረም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው፤ የምታምነኝ ስለሆንኩ። አንድ ቃል ብናገር ነጻ ትወጣለች። ከደቂቃዎች በፊት የመሰከርኩበት መድረክ ገና ከኋላዬ ነው። እኔ ምን አልኩ?

«እህት ኛማል፣ እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው» አልኳት።

ከዚያ እጄን ትከሻዋ ላይ ጭኜ ጸለይኩላት። ስላላጠፋችው ጥፋት ይቅር እንዲላት፣ ያጠፋሁት እኔ ጸለይኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አለቀሰች፤ አመሰገነችኝ፤ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ምን ብዬ ላስረዳህ? ሰው አይሞትም፤ ይበላል፣ ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል። እኔ ግን ደከመኝ። ኪኒኑን መውሰድ አቆምኩ፤ ማየቱ ራሱ ስለሚያስጠላኝ። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ፊልሙን ከፍቶ «እንደዚህ አንሳልኝ» ይለኛል፤ እኔም ያንን ግማሽ የተከደነ ዓይን እንደገና አያለሁ። ሰዎች ሰላም ነው የሚሉት። እኔ ብቻ ነኝ ምን እንደሆነ የማውቀው።

ባለፈው ክረምት ወይዘሮ አልማዝ ወደ ፎቶ ቤቴ መጣች። ቡሉክ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሆቴል ያላት የአገሬ ሰው ናት፤ ባሏ ስኳርና ግፊት ጥሎት ከአልጋ አይነሳም። የመጣችው ለፓስፖርት ፎቶ ነው። መብራቱን ሳስተካክል ወሬ ጀመረች።

«ባሌን የምታስታምምልኝ ሰው አጣሁ። ያቺን ኛማልን ለምኜ ነበር፤ ደኅና ደመወዝ፣ መኝታ ሁሉ አለው ብያት። እምቢ አለችኝ።»

«ለምን?» አልኩ።

«መድኃኒት ካለበት ሥራ አልገባም አለች። ከዚህ በፊት ተሳስቼ ነፍስ አጥፍቻለሁ፤ እጄ አይታመንም አለችኝ። ውሻ ነው አሉ። ምስኪን! በዝናብ ዓሣ ስትሸጥ ትውላለች እንጂ።»

ፎቶውን እንዴት እንዳነሳሁት አላስታውስም። ወይዘሮ አልማዝ ስትወጣ በጀርባው በር ሳይሆን በፊተኛው በር ተከትያት ወጣሁ። ገበያው ጭቃ ነው። ኛማል ዓሣዋን በላስቲክ ሸፍና አንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ገዢ አልነበረም። ፊቷ ቆምኩና ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ በል እስክትለኝ አልጠበቅኩም። ኪኒኑን፣ ጉበቱን፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ማየቴን፣ «ትዝ አይለኝም» ማለቴን።

ላስቲኩ ላይ የተጠራቀመውን ውኃ በእጇ አፈሰሰች። ከዚያ፦

«ግማሽ ነው ሙሉ?» አለችኝ።

«ሙሉ።»

«የልቡን ነገር ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኛል።»

«ጸልየህልኛል እኮ» አለች። ድምፅዋ ያኔ ነው የተሰበረው። «እጅህን ጭነህ ጸልየህልኛል። እኔ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ፣ ቀለለኝ ብዬ፣ እግዚአብሔርን አመስግኜ ነው የተኛሁት። ሥራዬን ማሳጣትህ አንድ ነገር ነው። ያንን ጸሎት ግን እንዴት አድርገህ ከላዬ ታነሳዋለህ?»

በርጩማዋ አጠገብ ዝቅ አልኩ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። እንዳልሰማች ሆነች። «ስልክህን አውጣ» አለችኝ። «ለማዳም ጻፍ። እዚሁ፣ እያየሁህ። በእንግሊዝኛ ትጽፋለህ፣ በአማርኛ ታነብልኛለህ።» ዝናቡ እያካፋ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብዬ ጻፍኩ። «ያን ቀን ስህተት ሠርቻለሁ» ብዬ ሳነብላት አቋረጠችኝ።

«ስህተት አይደለም። ሐሰት ተናገርኩ በል።»

አጠፋሁትና ሐሰት ተናገርኩ ብዬ ጻፍኩ። «ምናልባት በእኔ ምክንያት» ስል «ምናልባት የሚለውን አውጣ» አለችኝ። አወጣሁት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሙቀቱም ነበር፣ ዕድሜውም ነበር፣ ልቡም ነበር። አምስት ዓመት እነዚህን ስቆጥር ኖሬያለሁ። ኛማል ፊት አንዳቸውም አልቆሙም።

ማዳም በሁለተኛው ቀን መለሰች። ለኛማል ደውላላት ረጅም ጊዜ አወሩ፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም። ለእኔ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ «ሲናፍቀኝ እያየሁ የምጽናናው ያንን ፊልም ነበር።» ሌላ የለውም። ለዋንጂሩም ጻፍኩላት፤ ፊልሙን ከኢንተርኔት ላይ አጠፋችው። ግን ሰው ስልክ ላይ ቀርቷል፤ አሁንም አልፎ አልፎ እያዩ ያመሰግኑኛል። ሲያመሰግኑኝ እነግራቸው ይሆን? ለአንዳንዱ «ውሻው ሕመምተኛ ነበር» ብቻ እላለሁ። ይህም ሙሉ አይደለም፤ አውቃለሁ።

ኛማል ወይዘሮ አልማዝ ዘንድ ገባች። የሰውዬውን መድኃኒት በሰዓቱ የምትሰጠው እሷ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ከመስጠቷ በፊት ደጋግማ ትቆጥረው ነበር አሉ።

እኔ አሁንም ውሻ አነሳለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም። እምቢ ካለኝ ዕቃዬን ሰብስቤ «ዛሬ አልቻልኩም» ብዬ እወጣለሁ። ይህን የምነግርህ ተለውጫለሁ ለማለት አይደለም። ማድረግ የነበረብኝን ከአምስት ዓመት በኋላ ማድረግ ለውጥ አይባልም።

ባለፈው እሑድ በር ላይ አገኘኋትና እንደገና ይቅርታ ጠየቅኳት። ዓይኗን አላሸሸችም። «ገና ነኝ ወንድም ዘሪሁን» አለችኝ። «ስደርስ እነግርሃለሁ። እስከዚያ አትጠይቀኝ።»

ከአንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ አንተን አልበደልኩም። የበደልኳት ሴት ገና ነኝ ብላኛለች። ልክ ናት።